መታወቂያ፣ ማኅበርና ወንበር፦ የአዲስ አበባ ዳርቻ ወጣቶች ተሳትፎ

የአዲስ አበባ ዳርቻ ሲባል ሁለት ዓይነት ሰፈር አለ። አንዱ ኮንዶሚኒየሙ ነው፦ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ጀሞ። ሌላው በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት እነ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታና ለገጣፎ ናቸው።

እዚህ ፖለቲካ የሚጀምረው ከመታወቂያ ነው። በምርጫ ሕጉ ለመምረጥ 18 ዓመት መሙላትና በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር መኖር ያስፈልጋል። ለመመረጥ ደግሞ 21 ዓመት። ዕድሜው ችግር የለውም። የሚከብደው 6 ወሯ ናት። ኪራይ በተጨመረበት ቁጥር ሰፈር የሚቀይር ልጅ ራሱ አራብሳ፣ መታወቂያው መሀል ከተማ ይሆናል። መሸኛ እስኪያወጣ ወረዳው አያውቀውም።

ከሁሉ በላይ ግን አመለካከትን የሚቀርጸው መሬት ነው። የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የተቀናጀ ማስተር ፕላን በ2006 ተቃውሞ ቀሰቀሰ። ጥር 2008 ተሰረዘ። ከፊት የነበሩት በብዛት ተማሪዎች ናቸው። በ2011 የኮዬ ፈጬ ቤቶች ዕጣ ሲወጣም ኦሮሚያ ውስጥ ሰልፍ ተካሄደ። ያው አንድ ብሎክ ለአንዱ ልጅ እናቱ ዓመታት የቆጠበችለት ዕጣ ነው። ለሌላው አባቱ ጤፍ ያርስበት የነበረ፣ በትንሽ ካሳ የተወሰደ ማሳ ነው። ሁለቱ አንድ ታክሲ ይጋፋሉ፤ ስለ ፖለቲካ ሲያወሩ ግን አይገናኙም።

ቤተሰብም አለ። የ1997ን ምርጫ ያየ ወላጅ «ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ» ይላል። እውነቱን ነው፤ ያኔ ብዙ ወጣት በአፈሳ ተወስዷል።

ሥራ ሲመጣ ግን ከመንግሥት መራቅ አይቻልም። መንግሥት በ2009 ለወጣቶች 10 ቢሊዮን ብር ተዘዋዋሪ ፈንድ ሲመድብ፣ ብድሩን ለማግኘት መደራጀት ግድ ነበር። መደራጀት ማለት ደግሞ ወረዳ መመላለስ ነው። የገዥው ፓርቲ ወጣቶች ሊግ የሚገባው ሁሉ ሥልጣን አምሮት አይመስለኝም። ብዙው ሥራ ፈልጎ ነው።

ጫኝና አውራጆችን እዩ። ዕቃ የጫነ አይሱዙ ሳይቱ ሲገባ ከበው ዋጋ ይጠራሉ። ነዋሪው ይማረርባቸዋል፣ አንዳንዴም በሐቅ። ግን ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አላቸው። ተራ ይይዛሉ፣ የቀረውን ይቀጣሉ፣ ሰብሳቢው ከበላ ያወርዱታል። ከየትኛውም የወረዳ ሥልጠና ይልቅ ሰው መምራትን የሚያስተምረው ይኼ ነው ባይ ነኝ። ሴቶች እዚህ የሉም ማለት ይቻላል። እነሱ ሰንበት ትምህርት ቤት፣ ጀመዓና የክረምት በጎ ፈቃድ ላይ ይበዛሉ።

የብሎክ ኮሚቴው ጥሩ መለማመጃ በሆነ ነበር። ግን በ1995ቱ የጋራ ሕንፃ አዋጅ የማኅበሩ አባል የቤቱ ባለቤት ነው። የውሃ ፈረቃውን ቴሌግራም ላይ የሚለጥፈው፣ ሞተሩ ሲበላሽ የሚሯሯጠው ተከራይ ልጅ ስብሰባው ላይ ድምፅ የለውም።