አባታችሁ አላኮረፉም፦ ስለ ፓርኪንሰን የምንሳሳተው

የነርቭ ሕመም ክትትል ክፍል ውስጥ ነርስ ነኝ። ከታማሚ ቤተሰብ ደጋግሜ የምሰማት አንዲት ነገር አለች። «ፓርኪንሰን ነው ከተባሉ ወዲህ አኩርፈዋል፤ አይዞዎት ብንላቸውም እምቢ አሉ።» መስማቱ ሰልችቶኛል። ፓርኪንሰን እንቅስቃሴን የሚያዘገይ፣ ብዙ ጊዜም የሚያንቀጠቅጥ የአንጎል በሽታ ነው።

ትንንሾቹን ስህተቶች ቶሎ ልለፋቸው። «የሽማግሌ በሽታ ነው» ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ከ60 ዓመት በኋላ ቢመጣም ተዋናዩ ማይክል ጄ. ፎክስ በሽታው ሲነገረው 29 ዓመቱ ነበር። «ይተላለፋል» የሚሉም አሉ። አይተላለፍም፤ ከአንድ ትሪ ብሉ። «ካልተንቀጠቀጠ ፓርኪንሰን አይደለም» ደግሞ ስህተት ነው። ጭራሽ ሳይንቀጠቀጡ በዝግታና በሰውነት መገተር ብቻ የሚቸገሩ አሉ።

ወደ ኩርፊያው ልመለስ። እንዲህ ያለ ነገር የተነገረው ሰው ማዘኑ አይቀርም። ግን ፓርኪንሰን ዶፓሚን የሚባለውን መልእክት አስተላላፊ ኬሚካል የሚሠሩ የአንጎል ሴሎችን ይጎዳል። ዶፓሚን ደግሞ ሥራው እጅና እግር ላይ ብቻ አይደለም፤ ስሜትና ተነሳሽነትም ውስጥ አለበት። ስለዚህ ድብርቱና ጭንቀቱ የበሽታው አካል ናቸው። አንዳንድ ሰው ላይ እጁ ከመንቀጥቀጡ ከዓመታት በፊት ይጀምራሉ። ያኔ እኮ በሽታውን ገና አልሰማም!

ፊትም ያሳስታል። የፊት ጡንቻ ስለሚዘገይ ፈገግታ ይጠፋል፤ ዓይን እንደ ድሮው ቶሎ ቶሎ አይርገበገብም። አንዲት ልጅ «አባዬ የልጅ ልጁን ሲያይ እንኳን ደስ አይለውም» ብላ አለቀሰች። አባትየውን ጠየቅኳቸው። በዚያች በደከመች ድምፃቸው «የልጅ ልጄ ስትመጣ ነው ቀኑ የሚነጋልኝ» አሉ። ልጅቷ አጠገባቸው ተቀምጣ ነበር።

እባካችሁ፣ ቀጠሮ ላይ ስለ እጁ ብቻ አታውሩ። እንቅልፉ መበላሸቱን፣ የሚወደውን ነገር መተዉን ለሐኪሙ ንገሩ። ድብርቱ በመድኃኒትም በምክርም ይታከማል። «ጠንከር በል» ብቻ ማለት ግን ሰውየውን ጥፋተኛ ያደርገዋል። ጸበል የምትሄዱ ሂዱ፤ የፓርኪንሰኑን መድኃኒት ግን በድንገት አታቋርጡ። ሰውነት ተገትሮ፣ ትኩሳት ተነስቶ ለሕይወት ሊያሰጋ ይችላል።

ከሰው ሲሸሽም ምክንያቱን ጠይቁት። እኚያው አባት ጎረቤት ቡና መጠጣት ትተው ነበር። ለካ ሲኒው ሰው ፊት እየፈሰሰባቸው አፍረው ነው። ልጃቸው እጀታ ያለው ትልቅ ኩባያ ገዛችላቸው፤ ግማሽ ድረስ ብቻ ትቀዳላቸዋለች። ጎረቤቶቹ አሁን እሳቸው ቤት መጥተው ይጠጣሉ።