ሞሊ ኦዴይ፦ በሸክላ የቀሩት 36 ዘፈኖች

አሜሪካዊቷ የካንትሪ ዘፋኝ ሞሊ ኦዴይ ለትልቅ የሸክላ ኩባንያ፣ ለኮሎምቢያ፣ የቀዳችው በጠቅላላ 36 ዘፈን ነው፣ ከ1946 እስከ 1951 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)፣ ከዛ በኋላ የኮሎምቢያ ስቱዲዮ ተመልሳ አልገባችም። እኛ ጋ ካንትሪ ሲባል ኬኒ ሮጀርስ፣ ዶን ዊሊያምስ፣ ዶሊ ፓርተን ናቸው ቶሎ ወደ አፍ የሚመጡት፣ ከነሱ በፊት የነበሩት ብዙም አይነሱም፣ እሷ ግን መነሳት ያለባት ናት።

የልጅነት ስሟ ሎይስ ላቨርን ዊሊያምሰን ነው። በ1923 ኬንታኪ ውስጥ ፓይክ ካውንቲ ነው የተወለደችው፣ ተራራማ የድንጋይ ከሰል አገር ነው፣ አባቷም ከሰል ቆፋሪ ነበር። ወንድሟ ስኪትስ ቫዮሊን ይጫወታል፣ ሌላኛው ወንድሟ ዱክ ባንጆ፣ እሷ ጊታሯን ይዛ ትዘፍናለች፣ እና በ1939 ስኪትስ ዌስት ቨርጂኒያ ቻርለስተን ሬድዮ ጣቢያ ስራ ሲያገኝ ተከትላው ሄደች።

ያኔ የዘፋኝ እንጀራው ሬድዮ ነበር። ጠዋት ጣቢያው ላይ ትዘፍናለህ፣ ማታ የትኛው ትምህርት ቤት አዳራሽ እንደምትጫወት እዛው ትናገራለህ፣ የምትኖረው ከመግቢያው ገንዘብ ነው፣ አካባቢው ሲጠግብህ ደግሞ እቃህን ጭነህ ሌላ ከተማ ትሄዳለህ። በ1941 ጊታሪስቱን ሊን ዴቪስን አገባች፣ ከሱ ጋር እንደዚሁ ከተማ ከከተማ ሲዞሩ ኖሩ፣ ስሟም አብሮ ይቀያየር ነበር፣ ማውንቴን ፈርን ተባለች፣ ዲክሲ ሊ ተባለች፣ መጨረሻ ላይ ሞሊ ኦዴይ ላይ ረጋች። ባንዳቸው ከምበርላንድ ማውንቴን ፎክስ ይባላል።

ሁሉንም የቀየረው አንድ ዘፈን ነው፣ ትራምፕ ኦን ዘ ስትሪት። የግሬዲና ሄዝል ኮል ስራ ነው፣ ባልና ሚስቱ ራሳቸው በ1939 ቀድተውታል፣ ሞሊ ግን የሰማችው አላባማ እያሉ፣ በኋላ የካንትሪ ትልቅ ኮከብ ከሆነው፣ ያኔ ግን ገና ማንም ከማያውቀው ሀንክ ዊሊያምስ ነው። ዘፈኑ ከባለጠጋው ደጅ ከወደቀው ከአልዓዛር ይጀምርና የእናት ልጅ ሆኖ መንገድ ላይ ወደ ወደቀ ሰው ይሄዳል፣ ከዛ ክርስቶስ ራሱ እንደ ለማኝ ደጅህ ቢመጣ ምን ታረጋለህ ብሎ ይጠይቅሃል። የአልዓዛርን ታሪክ እየሰማ ላደገ ሰው ትርጉም አያስፈልገውም፣ እንግሊዝኛው ባይገባህም ድምጿ ይነግርሃል።

ኖክስቪል ሬድዮ ላይ ይሄን ስትዘፍን የናሽቪሉ የሙዚቃ አሳታሚ ፍሬድ ሮዝ ሰማትና ለኮሎምቢያው አርት ሳተርሊ ነገረው። ታህሳስ 1946 ቺካጎ ውስጥ የመጀመሪያዎቹን ዘፈኖች ቀዳች፣ ቤዝ የመታላት ማክ ዋይዝማን ነው፣ በኋላ እሱም ትልቅ የብሉግራስ ዘፋኝ ሆኗል (ብሉግራስ በባንጆና በቫዮሊን የሚደምቅ የካንትሪ አይነት ነው)። ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር ደግሞ አለ፣ ሮዝ በዛ ሰሞን ለሞሊ ዘፈን ይፈልግ ነበርና ሀንክ ዊሊያምስን መጀመሪያ የፈለገው ለሷ እንዲፅፍ ነው። ሀንክ የራሱን የመጀመሪያ ሸክላ የቀዳውም በዛው ወር፣ ከሷ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ነው። በኋላ እሷን ሴቷ ሀንክ ዊሊያምስ ይሏት ነበር፣ እኔ ግን ይሄ አባባል ይከብደኛል፣ የሱ ዘፈኖች ሸክላ ላይ የወጡት በሷም ድምፅ ጭምር ነው።

እኛ ጋ ዘፈንና መዝሙር መሀል አጥር አለ፣ ዘፋኝ የነበረ ሰው ወደ መዝሙር ሲሄድ ትልቅ ወሬ ነው። በነሱ ተራራ ግን ያኔ በአንድ ፕሮግራም ላይ ስለ መቃብር፣ ሰክሮ ስለሚነዳ ሾፌር ተዘፍኖ ወዲያው መዝሙር ይቀጥላል፣ ማንም አይገረምም፣ 36ቱም እንደዛ የተደባለቁ ናቸው። ድምጿ ከደረት ነው የሚወጣው፣ ማለስለስ የሚባል ነገር የለም፣ አንዳንዴ ለቅሶ ቤት የሚያስለቅስ ሰው ይመስላል። አጥሩን በኋላ ያቆመችው ራሷ ናት፣ እሷና ባሏ ቤተክርስቲያን ገቡና አለማዊውን መዝፈን እየተዉ መጡ።

በ1952 የሳንባ ነቀርሳ ያዛት፣ ከሳንባዋ ቆርጠው አወጡ። በዛው አመት ኪቲ ዌልስ በሴት ሶሎ ዘፋኝ የመጀመሪያውን ቁጥር አንድ የካንትሪ ዘፈን አወጣች፣ በሩ ለሴቶች በተከፈተበት አመት ሞሊ ታመመች ማለት ነው፣ ይሄን ሳስብ ያሳዝነኛል። እሷ ግን ስትድን ወደ መድረኩ አልተመለሰችም። ሊን በ1954 ቸርች ኦፍ ጎድ የሚባለው የፕሮቴስታንት ቤተክርስቲያን ሰባኪ ሆነ፣ ከዛ ሁለቱም የዌስት ቨርጂኒያ ከሰል ቆፋሪዎች መንደር እየዞሩ መስበክና መዘመር ጀመሩ፣ ማለትም አባቷ ይሰራ ወደነበረበት አይነት ሰፈር ተመለሰች። በ60ዎቹ ለትንንሽ ኩባንያዎች ጥቂት የመዝሙር ቅጂ ሰርታለች፣ ከ1973 ጀምሮ ደግሞ ሀንቲንግተን ከተማ ከባሏ ጋር የመዝሙር ሬድዮ ፕሮግራም ነበራቸው። ታህሳስ 1987 በካንሰር አረፈች።

የኮሎምቢያ ስራዎቿን የጀርመኑ የሙዚቃ ኩባንያ ቤር ፋሚሊ በ1992 በሁለት ሲዲ ሰብስቦ አውጥቷቸዋል። ለመስማት የሚፈልግ በትራምፕ ኦን ዘ ስትሪት ይጀምር፣ ቀጥሎ ማቴዎስ 24 የሚለውን ዘፈኗን።