በሁለቱም ጎን ተለዋዋጭ ያለው መስመራዊ እኩልታ ምንድን ነው?

በሁለቱም ጎን ተለዋዋጭ ያለው መስመራዊ እኩልታ ማለት፣ ተለዋዋጩ፣ ማለትም ዋጋው ያልታወቀው ቁጥር፣ ከእኩል ይሆናል ምልክት በስተግራም በስተቀኝም የሚገኝበት፣ ይህም ቁጥር በራሱ ያልተባዛበት እኩልታ ነው። መፍታት ማለት ደግሞ ሁለቱን ጎኖች እኩል የሚያደርገውን ዋጋ መፈለግ ነው።

አንድ የታክሲ ድርጅት 100 ብር መነሻ አስከፍሎ በየኪሎ ሜትሩ 20 ብር ይጨምራል፣ ሌላው ደግሞ በ40 ብር ጀምሮ በየኪሎ ሜትሩ 25 ብር ይጠይቃል እንበል። የሁለቱ ሒሳብ የሚተካከለው ስንተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ነው? ርቀቱን ሀ ብንለው፦

100 + 20ሀ = 40 + 25ሀ

ከሁለቱም ጎን 20ሀ ስንቀንስ 100 = 40 + 5ሀ ይሆናል፤ ከዚያ 40 ስንቀንስ 60 = 5ሀ፣ በመጨረሻም ለ5 ስናካፍል ሀ = 12 እናገኛለን። በ12 ኪሎ ሜትር ሁለቱም 340 ብር ያስከፍላሉ፤ መንገዱ ከዚያ ካጠረ ሁለተኛው፣ ከረዘመ የመጀመሪያው ይረክሳል። በ20ሀ ፈንታ 25ሀ ብንቀንስም መልሱ ያው ነው፤ ሆኖም ከዜሮ በታች ከሆኑ ቁጥሮች ጋር መታገል ስለሚመጣ ትንሹን መቀነስ ይሻላል።

ክፍል ውስጥ ይህ ሥራ ብዙ ጊዜ «ሲሻገር ምልክቱ ይቀየራል» በሚል አጭር ሕግ ይሰጣል። ሕጉ ስሕተት ባይሆንም ምክንያቱን ይደብቃል፤ በእርግጥ የሚሻገር ነገር የለም፣ በሁለቱም ጎን አንድ ዓይነት ሥራ ይሠራል እንጂ። ምክንያቱን ያልያዘ ተማሪ 5ሀ = 60 ሲያይ 5ን «አሻግሮ» ሀ = 60 − 5 ብሎ ይጽፋል፤ 5 ግን የተባዛ እንጂ የተደመረ ስላልሆነ መካፈል ነበረበት። በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በባግዳድ የሠራው የሒሳብ ሊቅ አልኸዋሪዝሚ፣ የእኩል ይሆናል ምልክት ገና ሳይፈጠር፣ ይህንኑ በቃላት ጽፎታል፦ የሚቀነሰውን በሁለቱም ወገን ደምሮ ማጥፋት «አል-ጀብር»፣ በሁለቱም ወገን ያለውን ተመሳሳይ ነገር ማቀናነስ «አል-ሙቃበላ» ይባላል።

አንዳንድ ጊዜ ተለዋዋጩ ከሁለቱም ጎን ይጠፋል። 3ሀ + 1 = 3ሀ + 6 ወደ 1 = 6 ስለሚወርድ መፍትሔ የለውም፤ 3(ሀ + 2) = 3ሀ + 6 ግን 6 = 6 ስለሚሆን ማንኛውም ቁጥር መፍትሔው ነው።

ከእነዚህ ይልቅ የሚያታልለው 4ሀ = 7ሀ ነው። ሁለቱንም ጎን ለሀ ያካፈለ ሰው 4 = 7 ላይ ደርሶ መፍትሔ የለም ይላል፤ ነገር ግን ሀ ዜሮ ሊሆን ስለሚችል፣ በዜሮም ማካፈል ስለማይፈቀድ፣ ያ እርምጃ መልሱን ራሱን ይጥለዋል። 4ሀ ከሁለቱም ጎን ሲቀነስ 0 = 3ሀ ይሆናል፤ ስለዚህ ሀ = 0 ነው።