ቨርቹዋል ቦይ ዋሪዮ ላንድ ምንድን ነው?

የቪዲዮ ጌሙን ጀግና ማሪዮን የማያውቅ የለም። ዋሪዮ ተቀናቃኙ ነው፦ ወፍራም፣ ጢሙ የተንጨባረረ፣ ገንዘብ ሲያይ ዓይኑ የሚቀላ ሰውዬ። ልዕልት የማዳን ሐሳብ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1995 መጨረሻ የጃፓኑ ጌም ሠሪ ኒንቴንዶ ይህን ስግብግብ ይዞ «ቨርቹዋል ቦይ ዋሪዮ ላንድ» የተባለ የዝላይና የሩጫ ጌም አወጣ። ጌሙ ግሩም ነበር። ዕድሉ ግን ጠማማ ሆነና የወጣው ቨርቹዋል ቦይ ለሚባል ማሽን ነው።

ቨርቹዋል ቦይ ጠረጴዛ ላይ በእግሩ የሚቆም ትልቅ ቀይ መነጽር ነው። ጎንበስ ብለህ ፊትህን ትከተዋለህ። ውስጡ የለመድነው ዓይነት ስክሪን የለም። ለእያንዳንዱ ዓይን 224 ጥቃቅን ቀይ መብራቶች በአንድ መስመር ቀጥ ብለው ተደርድረዋል። አንዲት መስታወት ወዲያ ወዲህ እየተርገበገበች ያቺን አንድ መስመር ሙሉ ምስል አድርጋ ትዘረጋታለች። ሁለቱ ዓይኖች የሚያዩት ትንሽ ስለሚለያይ ምስሉ ጥልቀት ያለው ይመስላል። ቀይ ብቻ የሆነው ቀይ ኤልኢዲ (እነዚያ ጥቃቅን መብራቶች) ርካሽና ባትሪ ቆጣቢ ስለነበር ነው። የሠራው ጉንፔ ዮኮይ፣ በእጅ የሚያዘው የኒንቴንዶ ማሽን የጌም ቦይ አባት፣ ርካሽና የተለመደ ቴክኖሎጂን ለአዲስ ነገር ማዋል የሚወድ ሰው ነበር። ይህ ዘዴ በጌም ቦይ ሠርቶለታል። እዚህ ግን አልሆነም።

ሰው ራሴን አመመኝ፣ ዓይኔን ደከመኝ አለ። ማሽኑ ራሱ በየመሀሉ ቆም ብለህ እንድታርፍ ያስታውስሃል። አሜሪካ ውስጥ 179.95 ዶላር ይሸጥ ነበር፤ ዓመት ሳይሞላው ከገበያ ወጣ። ጃፓንና አሜሪካ ተደምረው የወጡለት ጌሞች 22 ብቻ ናቸው።

ታዲያ ዋሪዮ ላንድን ከእነዚህ የሚለየው ምንድን ነው? ጥልቀቱን ለጌጥ አልተጠቀመበትም። ዋሪዮ ሀብት ፍለጋ ከፏፏቴ ጀርባ ገብቶ ከመሬት በታች ይወድቃል። መውጫው በየደረጃው ያለ ሊፍት ነው፤ የሊፍቱን በር ለመክፈት ደግሞ ቁልፍ ማግኘት አለበት። ቁልፉን ስትፈልግ በሩቅ፣ ከኋላ፣ ሌላ መሬት ይታይሃል። በሌላ ጌም ቢሆን ይህ ሥዕል ነው፤ አልፈኸው ትሄዳለህ። እዚህ አንድ መዝለያ ላይ ስትወጣ ዋሪዮ ተወርውሮ እዚያ ኋላ ያርፋል። ትንሽዬ ሆኖ ሲሮጥ ታየዋለህ። ሳንቲምም፣ ሚስጥራዊ ክፍልም እዚያ ተደብቆ ሊገኝ ይችላል። በእሾህ የተሞላ ኳስ ደግሞ ከጀርባ ተወዛውዞ ወደ ፊትህ ይመጣል፤ በሰዓቱ ካላለፍክ ይመታሃል። ስለዚህ አንድን ቦታ «ጨረስኩት» ለማለት ግራ ቀኙን ማሰስ አይበቃም፣ ጀርባውንም ማየት ነው። እንደኔ ከሆነ ከማሽኑ ጌሞች ሁሉ መነጽሩ ውስጥ መግባትን ያስፈለገው ይህ ነው።

ቀሪው የተለመደው ዋሪዮ ነው። የበሬ ቀንድ ያለው ኮፍያ ድንጋይ ይሰብርለታል፣ የንስሩ ያበረዋል፣ የዘንዶው እሳት ያስተፋዋል። ደረጃዎቹ ጥቂት ናቸው፤ ጎበዝ ተጫዋች በአንድ ቁጭታ ይጨርሰዋል። ጉድለት ካልነው ይህ ነው፣ ባያጥር ደስ ይል ነበር።

ብዙ ሰው ያላወቀው የገዛው ጥቂት ስለሆነ ብቻ አይደለም። ጌም የሚስፋፋው አንዱ ሲጫወት ሌላው ከጎኑ ቆሞ እያየ፣ «እስቲ አንድ ዙር ስጠኝ» እያለ ነው። ቨርቹዋል ቦይን ግን ከጎን ሆኖ ማየት አይቻልም፤ የሚታየው ፊቱን የቀበረ ሰው ብቻ ነው። የመጽሔት ፎቶም ጥልቀቱን አያሳይም፣ በወረቀት ላይ ቀይና ጥቁር ሥዕል ሆኖ ይቀራል። ኒንቴንዶም ማሽኑን ከተወው በኋላ ለብዙ ዓመታት ጌሙን በሌላ የጌም ማሽን አላወጣውም። የቨርቹዋል ቦይ ጌሞችን ስዊች ወደሚባለው ማሽኑ እንደሚያመጣ ያሳወቀው በ2025 ነው፤ ያኔም ስዊቹ የሚገባበት ማያ ዕቃ ለብቻው ይገዛል።