የጣና ደሴቶችን ፎቶ ማንሳት፦ ከጎርጎራ በኩል

ጣና ሲባል ባሕር ዳር ብቻ ትዝ የሚለው ሰው ብዙ ነው። የሰሜኑ ዳርቻ ግን የደምቢያ ነው፤ በሩም ጎርጎራ ናት። ከጎንደር ከተማ ወደ ደቡብ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች።

ሐይቁ የተፈጠረው የእሳተ ገሞራ ፍሳሽ የውሃውን መውጫ ስለገደበው ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ ግን 15 ሜትር ቢሆን ነው። ከ17 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ጭራሽ ደርቆ እንደነበር ከወለሉ የወጣው ደለል ያሳያል። ዛሬ ደሴት የምንላቸው ያኔ ኮረብታ ነበሩ ማለት ነው።

ለፎቶ አንሺ ዋናው ነገር ይህ የጥልቀት ማነስ ነው። ውሃው ትንሽ ሲቀንስ ዳርቻው ብዙ ይሸሻል። መስከረም ላይ ይሞላል፣ ግንቦትና ሰኔ ላይ ይጎድላል። ልዩነቱ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ነው። መስከረም ላይ ማዕበል የሸፈነው ጥቁር ድንጋይ ግንቦት ላይ ወፍ ሰፍሮበት ይገኛል። ስለዚህ አንድ ፎቶ አይበቃም። ያንኑ ሌንስ ይዞ፣ እዚያው ቆሞ ሁለቴ ማንሳት ነው። በ1995 ዓ.ም. ግን ውሃው መርከብ እስኪያቆም ድረስ ወረደ። ድርቁ ነው ወይስ ለኃይል ማመንጫ የተለቀቀው ውሃ? ያከራክራል። ሁለቱም እጃቸው ሳይኖርበት አልቀረም።

የደሴቶቹ ቁጥር ብዙ ጊዜ 37 ይባላል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ18ኛው መቶ ዘመን ሲመጣ ሰው የሚኖርባቸው 45 ናቸው ቢሉት አላመነም፤ 11 ቢሆኑ ነው ብሎ ጻፈ። ፈረንጅ ቆጠራ ላይ ሲቸኩል እንዲህ ነው።

ካሜራ የያዘ ሰው ናርጋ ሥላሴን ሳያይ አይመለስ። ከደቅ ደሴት አጠገብ ያለች ትንሽ ደሴት ናት። ክብ ቤተ ክርስቲያኗን ያሠሩት የጎንደሯ እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። ሥዕሉ ላይ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ይታያሉ። በሩ ላይ ፒፓ የሚያጨሰው ሰው ብሩስ ነው ይባላል። ውስጡ ጨለማ ነው፤ ቢሆንም ፍላሽ ቀለሙን ይጎዳልና ትራይፖድ ይዞ መሄድ ይሻላል። መነኮሳቱን ሳያስፈቅዱ ማንሳት ነውር ነው። ዳጋ እስጢፋኖስ የተባለው የደሴት ገዳም ሴት አይገባም፤ የአፄ ፋሲል አስከሬን ያረፈው እዚያ ነው።

ጀልባ በማለዳ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳና ካሜራውም ሆድም ይናወጣል።

ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ እምቦጭ የተባለው የውሃ አረም የሰሜን ምሥራቁን ዳርቻ ወሮታል። ከሩቅ ሲያዩት የሚያምር አረንጓዴ ምንጣፍ ይመስላል፤ ብዙ ጎብኚም ሜዳ መስሎት አንስቶት ይሄዳል። ቀረብ ብሎ፣ ደንገል ታንኳ መሐሉ ተቀርቅሮ ዓሣ አጥማጁ በመቅዘፊያው ሲገፋው ማንሳት ይቻላል።