ስለ ፅንስ ማቋረጥና በሐኪም እርዳታ ስለ መሞት የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ፅንስ ማቋረጥ ወይም በሐኪም እርዳታ መሞት በተነሣ ቁጥር ክርክሩ ቶሎ ይጋጋላል። የሚያሳዝነው ግን ብዙዎች የሚከራከሩት ባልተጻፈ ሕግ ላይ መሆኑ ነው። ሕጉን መቃወምም ሆነ መደገፍ የሚቻለው ምን እንደሚል ከታወቀ በኋላ ስለሆነ፣ ደጋግመው የሚሰሙ አባባሎችን በየተራ እንመልከት።

«በኢትዮጵያ ፅንስ ማቋረጥ ተፈቅዷል» ወይም «ጨርሶ ክልክል ነው»

ሁለቱም ትክክል አይደሉም። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 545 ፅንስን አስቦ ማቋረጥ የሚያስቀጣ መሆኑን በመርህ ደረጃ ይደነግጋል፤ በአንቀጽ 551 ደግሞ የማያስቀጣባቸውን ሁኔታዎች ይዘረዝራል። እነዚህም እርግዝናው አስገድዶ በመደፈር ወይም በቅርብ ዘመዳሞች መካከል በተፈጸመ ግንኙነት የመጣ ሲሆን፣ የእናቲቱን ወይም የልጁን ሕይወት ወይም የእናቲቱን ጤና አደጋ ላይ የሚጥል ሲሆን፣ ፅንሱ የማይድን ከባድ የአካል ጉድለት ሲኖረው፣ እንዲሁም እርጉዟ በአካል ወይም በአእምሮ ጉድለት ወይም ለአካለ መጠን ባለመድረስዋ ምክንያት ልጁን ለማሳደግ የማትችል ስትሆን ነው። ይህም የሚሆነው እውቅና ባለው የጤና ተቋም፣ ሙያው በሚፈቅደው ጊዜ ውስጥ ሲፈጸም ነው። ሕጉ በእነዚህ ሁኔታዎች ቅጣትን አነሣ እንጂ ለማንኛዋም ሴት በጠየቀች ጊዜ የሚፈጸም መብት አላወጀም፤ ደጋፊውም ተቃዋሚውም ይህን ልዩነት ሲያልፈው ክርክሩ ከመሠረቱ ይናጋል።

«ድህነት በቂ ምክንያት ነው»

አይደለም። አንቀጽ 550 ከባድ ድህነት ቅጣትን እንደሚያቀልል ይናገራል፤ ድርጊቱ ግን ወንጀል ሆኖ ይቆያል።

«የተደፈረች ሴት መጀመሪያ ከፖሊስ ማስረጃ ማምጣት አለባት»

ከስህተቶቹ ሁሉ ብዙ ጉዳት የሚያደርሰው ይህ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም እርዳታ ለማግኘት መብት ያላትን ልጅ በር ላይ የሚመልሳት እርሱ ነው። አንቀጽ 552 እርግዝናው ከመደፈር ወይም ከዘመድ ጋር ከተፈጸመ ግንኙነት የመጣ መሆኑን ለማስረዳት የሴቲቱ ቃል ብቻውን በቂ እንደሆነ በግልጽ ያስቀምጣል። የፖሊስ ደብዳቤ፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ ወይም የደፋሪው ማንነት አይጠየቅም። የወንጀል ክስ ተመርምሮ እስኪፈረድ ብዙ ወራት ይፈጃል፤ እርግዝና ደግሞ ቀጠሮ አይጠብቅም። ደፋሪው የቤተሰብ አባል ወይም ቀጣሪ በሆነበት ቤት ውስጥ «መጀመሪያ ክሰሽ ነይ» ማለት ደግሞ «አትምጪ» ከማለት ብዙም አይለይም።

ተቃዋሚዎች እዚህ ላይ የሚያነሡት ጥያቄ ተገቢ ነው፦ ቃል ብቻ ከበቃ፣ ያልተደፈረች ሴት ተደፍሬያለሁ ብትል ምን ያግዳታል? በእርግጥ የሚያግዳት ነገር ጥቂት ነው። ሕግ አውጪው ከሁለት አደጋዎች አንዱን መርጧል፤ አንዳንዷ ያልሆነውን ብላ ብትጠቀም ይሻላል ወይስ በእውነት የተደፈረችው ማስረጃ አጥታ ብትመለስ? እኔ ምርጫው ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። ይህን የማይቀበል ሰው ግን የተደፈረችው ልጅ ቃሏ ካልታመነ በምን መንገድ በጊዜው እርዳታ እንደምታገኝ አብሮ መመለስ ይኖርበታል።

«ሕጉ ፅንስን እንደ ምንም ይቆጥረዋል»

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሰው ከተወለደበት ጊዜ አንሥቶ እስከሚሞት ድረስ የመብት ባለቤት ነው ብሎ ይጀምርና፣ ወዲያው የተፀነሰ ልጅ ጥቅሙ ሲጠይቅ እንደተወለደ እንደሚቆጠር ይደነግጋል፤ ይህም በሕይወት የሚወለድና የሚኖር ከሆነ ነው። ስለዚህ አባቱ የሞተበት ፅንስ ከውርስ አይገለልም። የወንጀል ሕጉም ጥበቃ ያደርግለታል፤ ጥበቃው ግን ከእናቲቱ ሕይወትና ጤና ጋር በሚጋጭበት ቦታ ወሰን አለው። ይህ ወሰን ትክክለኛ ቦታ ላይ ተሠምሯል ወይ የሚለው የሥነ ምግባርና የእምነት ጥያቄ እንደሆነ ይቀራል፤ ከኦርቶዶክስ ትምህርት የሚነሣ ሰውና ነፍስ ወደ ፅንሱ የምትገባው በ120ኛው ቀን ነው ከሚሉ የእስልምና ሊቃውንት የሚነሣ ሰው መነሻቸው አንድ አይደለም።

«ሕጉ ከወጣ ወዲህ ፅንስ ማቋረጥ ቀንሷል»

በአገር አቀፍ ጥናቶች የተሰጠው ግምት እንዲህ አይልም። እ.ኤ.አ. በ2008 በዓመት 382,500 ያህል፣ በ2014 ደግሞ 620,300 ያህል ፅንስ ማቋረጥ እንደነበረ ተገምቷል። በጎላ መልኩ የተለወጠው ቦታው ነው፤ በጤና ተቋም የተፈጸመው ከ27 በመቶ ወደ 53 በመቶ ከፍ ብሏል። የቁጥሩን ጭማሪ በሕጉ ብቻ ማሳበብ አይቻልም፤ በወሊድ ዕድሜ ያሉ ሴቶችም በርክተዋል። ሆኖም በ2014ም ግማሽ ያህሉ ከጤና ተቋም ውጭ መፈጸሙ፣ ሕጉ በወረቀት ላይ መኖሩ ብቻውን በየመንደሩ የሚሞቱትን እንደማያድን ያሳያል።

«የመተንፈሻ መሣሪያው ይነሣ ማለት ሕመምተኛውን መግደል ነው»

በአሜሪካ ሆስፒታል አባቱ የተኛበት ሰው፣ ሐኪሙ «ልቡ ቢቆም እንደገና እንዲመታ እንሞክር ወይስ እንተወው?» ብሎ ሲጠይቀው ግደል የተባለ ያህል ይደነግጣል። አዲስ አበባም ሕክምናው አይረዳውም የተባለ ሕመምተኛ ወደ ቤቱ ሲመለስ ቤተሰቡ ለዓመታት የሚጸጸትበት ጊዜ አለ። ሆኖም የማይጠቅምን ሕክምና መተው ወይም አለመቀበል አንድ ነገር ነው፤ ሐኪም ለሕመምተኛው ሞት የሚያደርስ መድኃኒት ማዘዙ ሌላ ነው፤ ራሱ ሐኪሙ መርፌ ወግቶ ሕይወቱን ማብቃቱ ደግሞ ሦስተኛ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1990 አቅሙ ያለው ሰው ሕይወት የሚያቆይ ሕክምናን አልቀበልም የማለት መብት እንዳለው ተቀብሎ ከተነሣ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ግን ለመሞት የመታገዝ ሕገ መንግሥታዊ መብት የለም ብሏል። በእስራኤልም እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው ሕግ ሊሞት የተቃረበ ሰው ሕክምናን እንዲተው ሲፈቅድ፣ መግደልንና ራስን ለማጥፋት መርዳትን ይከለክላል።

ሕመምን የሚያስታግስ ሞርፊን መስጠትም ግድያ አይደለም። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን መሪ የነበሩት ጳጳስ ፒዮስ 12ኛ እ.ኤ.አ. በ1957 ለሐኪሞች ሲናገሩ፣ ዓላማው ሥቃይን ማስታገስ እስከሆነ ድረስ መድኃኒቱ ዕድሜን የሚያሳጥር ቢሆን እንኳ መስጠት እንደሚቻል አስረድተዋል። የካንሰር ሕመምተኛ ማስታገሻ አጥቶ በሚጮኽበት አገር ቅድሚያ ሊያንገበግበን የሚገባው ይህ ነው።

«በዋሽንግተን ዲሲ ቤተሰብ ቢጠይቅ ሐኪም ሰውን ይገድላል»

በከተማዋ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የሚሠራው በሐኪም እርዳታ የመሞት ሕግ ቤተሰብ እንዲጠይቅ አይፈቅድም። ጠያቂው ራሱ ሕመምተኛው ነው፤ 18 ዓመት የሞላው፣ የከተማዋ ነዋሪ፣ የመወሰን ችሎታው ያልተጓደለና ሁለት ሐኪሞች ከስድስት ወር በላይ አይቆይም ያሉት መሆን አለበት። ቢያንስ በ15 ቀን ልዩነት ሁለት ጊዜ በቃል፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በጽሑፍ ይጠይቃል፤ መድኃኒቱንም የሚወስደው በራሱ እጅ ነው። ጎረቤቶቿ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ እንዲህ ያለ ሕግ የላቸውም።

«በኢትዮጵያ ራሱን ለማጥፋት ሞክሮ የተረፈ ሰው ይከሰሳል»

የወንጀል ሕጉ በአንቀጽ 542 የሚቀጣው ሌላውን ሰው ራሱን እንዲያጠፋ የሚገፋፋውን ወይም የሚረዳውን ነው። ሙከራው በሞት ካልተፈጸመ ቀላል እስራት፣ ከተፈጸመ እስከ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት ሊያስከትል ይችላል። ሞክሮ የተረፈውን ሰው በመሞከሩ የሚቀጣ አንቀጽ ግን የለም፤ ቤተሰብ ክስ ይመጣል በሚል ፍርሃት ሊደብቀው አይገባም፤ በአስቸኳይ ወደ ሆስፒታል ወስዶ የሆነውን ለሐኪሙ ሳይሸሽግ መንገር አለበት።