ኒውሮብላስቶማ፦ የሕፃናት የነርቭ ካንሰርና የሚያሳድጉት ፕሮቲኖች

ኒውሮብላስቶማ በአብዛኛው ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ልጆችን የሚይዝ የነርቭ ካንሰር ነው። የሚነሳው በፅንስነት ጊዜ ወደ ነርቭነት ማደግ ሲገባቸው ዕድገታቸውን ሳይጨርሱ ከቀሩ ሕዋሳት ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ ከኩላሊት በላይ ባለው የአድሬናል ዕጢ ላይ ይወጣል።

በኮዬ ፈጬ፣ በሰበታም ሆነ በሱሉልታ የልጅ ሆድ ሲነፋ ቀድሞ የሚጠረጠረው ወስፋት ነው። የዓይን ዙሪያ ሲበልዝም «ወድቆ ይሆናል» ይባላል። ግምቱ አብዛኛውን ጊዜ ልክ መሆኑ ነው ችግሩ። ሆዱ ሲዳሰስ ጠጠር ያለ እብጠት የተገኘበት፣ ወይም ሳይወድቅ ዓይኑ የበለዘ ልጅ ግን በቶሎ ሪፈር ሊጻፍለት ይገባል። የሽንት ምርመራ ብዙ ይናገራል፤ ዕጢው የሚያመርታቸው የአድሬናሊን መሰል ኬሚካሎች ዝቃጭ በሽንት ይወጣልና።

በሽታው ከልጅ ልጅ የሚለያየው በከፊል በውስጡ ባሉት ፕሮቲኖች ነው። ከ5 ሕሙማን በአንዱ ገደማ ኤን-ሚክ የተባለውን ፕሮቲን የሚሠራው ጂን በሁለት ቅጂ መወሰኑ ቀርቶ በአሥሮች፣ አንዳንዴም በመቶዎች ይባዛል። ይህ የታወቀው በ1983 እ.ኤ.አ. ነው። ኤን-ሚክ ብቻውን አቅም የለውም፤ ማክስ ከሚባል ፕሮቲን ጋር ሲጣመር ነው ዲኤንኤ ላይ ተጣብቆ የመራባት ጂኖችን የሚቀሰቅሰው።

በጤናማ ሕዋስ ውስጥ ኤን-ሚክ ዕድሜው አጭር ነው። ሌላ ፕሮቲን የ«ይወገድ» ምልክት ይለጥፍበትና የሕዋሱ ማፍረሻ ይበታትነዋል። እዚህ ላይ ኦሮራ-ኤ የተባለ ፕሮቲን ይገባል። መደበኛ ሥራው የሕዋስ ክፍፍልን ማገዝ ነው፤ ዕጢው ውስጥ ግን ኤን-ሚክን አቅፎ ከመፍረስ ያድነዋል። በዚህ ላይ ኤን-ሚክ ኤምዲኤም2 የተባለውን ፕሮቲን እንዲበዛ ያደርጋል፤ እሱ ደግሞ የተበላሸ ሕዋስ እንዳይራባ የሚከላከለውን የሕዋሱን ጠባቂ ፕሮቲን፣ ፒ53ን ይዞ ያስቀራል።

ኤን-ሚክን በቀጥታ የሚመታ መድኃኒት ማግኘት አዳጋች ነው፤ ቅርጹ ልል ስለሆነ መድኃኒቱ የሚያርፍበት ጎድጓዳ ቦታ የለውም። ስለዚህ ተመራማሪዎች የኤን-ሚክንና የኦሮራ-ኤን ጥምረት ወደ መፍታት ዞሩ። የኦሮራ-ኤን ቅርጽ እያጣመመ ኤን-ሚክን የሚያስለቅቀው አሊሰርቲብ የተባለ መድኃኒት በላቦራቶሪ ጥሩ ውጤት ቢያሳይም በሕሙማን ላይ የተጠበቀውን ያህል አልሆነም።

ከዳር ከተማ ተልኮ ጥቁር አንበሳ የሚደርስ ልጅ የሚጠብቀው ሕክምና በዋናነት ኬሞቴራፒና ቀዶ ሕክምና ነው። የሚገርመው፣ ከ18 ወር በታች ባሉ አንዳንድ ሕፃናት ላይ ዕጢው ያለ ሕክምና ራሱ ከስሞ ይጠፋል፤ ኤን-ሚክ በተባዛባቸው ላይ ግን ይህን መጠበቅ አይቻልም።